እማዬ፣ ማበጠሪያሽን ከእሳት አርቂው

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የላክሁልሽ ፀጉር ላይ የሚሰካ ማበጠሪያ እንደደረሰሽ እህቴ ነገረችኝ። የኤሊ ቅርፊት መስሎሽ ነበር አሉ። አይደለም፣ ሴሉሎይድ ነው። ጥጥ በአሲድ ተነክሮ ካምፎር ከሚባል ኃይለኛ ሽታ ካለው ነገር ጋር ሲለወስ የሚወጣ የድሮ ፕላስቲክ። ጥርሱን በጣትሽ ሞቅ እስኪል ፈተግ ፈተግ አድርጊና አሽትቺው፣ ካምፎሩ ይሸትሻል።

የተሠራው ኦዮና በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው፣ ጁራ ተራሮች ውስጥ። አገሬው ድሮ ማበጠሪያ የሚሠራው ከእንጨት፣ ኋላም ከቀንድ ነበር። ሴሉሎይድ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው።

አቆራረጡን ብታዪ ትወጂው ነበር። ከአንድ ዝርግ ሴሉሎይድ ሁለት ማበጠሪያ ያወጣሉ። የአንዱ ጥርስ በሌላው ጥርስ መሀል ይቆረጣል፣ ከዚያ ይላቀቃሉ። አንቺ እጅጌና አንገት አጋጥመሽ ጨርቅ እንደምትቆጥቢው ማለት ነው። ቀጥሎ በሙቅ ውሃ ይለሰልስና እንጨት ላይ ይጎብጣል። ሲቀዘቅዝ የራስ ቅልን ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል። ያን ማበጠሪያሽ ላይ በቀጭን መጋዝ የተፈለፈለ ቅጠል በብርሃን አሳልፈሽ እዪው፤ የሰው እጅ ነው የሠራው።

በኋላ ፋሽኑ ተቀየረ። የኦዮናው ማበጠሪያ ሠሪ የኦጉስት ቦናዝ ቤት በ1920ዎቹ አበባውን ትቶ ቀጥ ያለ መስመርና ክብ ይሠራ ጀመር። ይደነቃል፣ ግን ለእኔ የድሮው ይበልጥብኛል። ወዲያው ደግሞ ሴቶቹ ፀጉራቸውን አሳጥረው ተቆረጡ። የሚሰካበት ፀጉር ሲጠፋ ገበያው ወደቀ፣ ብዙዎቹ ሠሪዎች ወደ መነጽርና ወደ መጫወቻ ዞሩ። አንቺ ግን ያን የመሰለ ፀጉር አለሽ፤ ስለዚህ ነው ሳየው አንቺ የመጣሽብኝ።

አሁን አደራ የምልሽን ስሚኝ። ሴሉሎይድ እሳት ሲነካው ቦግ ይላል። ኦዮና ውስጥ ግራንድ ቫፐር የሚባለውን ፋብሪካ በቤቶን የገነቡት እሳት ፈርተው ነው። ቡና ስታፈዪ ከራስሽ አውልቂው። ሻማ ስታበሪም እንደዚያው። ፌስታል ውስጥ ቋጥረሽ አታስቀምጪው፣ አየር ይፈልጋል። ፀሐይም አይምታው። መሰንጠቅ ከጀመረ ወይ የኮመጠጠ ሽታ ካመጣ ከሌላው ጌጥሽ ለይው፣ ከውስጡ የሚወጣው ትነት ሌላውንም ያበላሻል።

ለእሁዱ ሰርግ አድርጊውና እህቴ ፎቶ ታንሳሽ። ከጎንም ከኋላም ይሁን።

ልጅሽ