3,622 ቁልፍ ሳይሆን 3,622 ቱቦ

ክቡር አዘጋጅ፤

ስለ አትላንታው ፎክስ ቲያትር ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዘጋቢያችሁ «ማይቲ ሞ» የሚባለውን የቲያትሩን ኦርጋን «3,622 ቁልፎች ያሉት የኤሌክትሪክ ኦርጋን» ብሎታል። በዚህች ሐረግ ውስጥ ትክክል የሆነው አሃዙ ብቻ ነው። 3,622 የቱቦዎቹ ብዛት ነው። ተጫዋቹ በእጁ የሚነካቸው ኪቦርዶች አራት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 61 ቁልፍ አላቸው፤ በድምሩ 244። በእግር የሚረገጡት 32 ሲጨመሩ 276 ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ የለም።

ለመጠርጠር እንኳ ሙያ አያስፈልግም ነበር። በማንኛውም ፒያኖ ላይ 12 ቁልፎች 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቦታ ይይዛሉ። በዚህ ስሌት 3,622 ቁልፍ ቢደረደር ወደ 50 ሜትር ይረዝማል። በአራት መስመር ቢከፈል እንኳ እያንዳንዱ ከ12 ሜትር ያልፋል። ይህን የሚጫወት ሰው ክንዱ ስንት ሜትር ሊሆን ነው? ጽሑፉ በአርታኢ እጅ ሲያልፍ ይህን የጠየቀ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። በአማርኛ «ኦርጋን» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው በሠርግ ላይ ከስፒከር ጋር የሚገጠመው ኪቦርድ ነው። ያ ሌላ ዕቃ ነው። የሃሞንድ ኤሌክትሪክ ኦርጋን እንኳ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን፣ ማይቲ ሞ ግን በ1929 ተተክሎ ነበር። በማይቲ ሞ ውስጥ ድምፅ የሚፈጥር ስፒከር የለም። ድምፁ የሚወጣው አየር ከተነፋባቸው የእንጨትና የብረት ቱቦዎች ነው። እምቢልታ ሲነፋ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፦ እያንዳንዱ ነፊ የየራሱን ድምፅ ይሰጣል፣ ዜማው የሚሞላው በቅብብል ነው። እዚህም አንድ ቱቦ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቱቦዎቹ በሺህ የሚቆጠሩት።

ኤሌክትሪክ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ሥራው ግን ሁለት ነው፦ አየር የሚገፋውን ማራገቢያ ማዞርና መልእክት ማድረስ። ይህን መልእክት የማድረስ ዘዴ እንደ ማይቲ ሞ ላለው የሲኒማ ኦርጋን መሠረት ያደረገው እንግሊዛዊው ሮበርት ሆፕ-ጆንስ ሲሆን፣ እሱም የስልክ መሐንዲስ ነበር። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የራሱን ፋብሪካ ቢከፍትም አልሆነለትም፤ በ1910 ድርጅቱን ዉርሊትዘር የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ ገዛው። የዉርሊትዘር ስም ከዚያ ወዲህ በጣም ስለገነነ ሰው የሲኒማ ኦርጋንን ሁሉ በዚያ ስም ይጠራል። የእናንተም ዘገባ እንዲሁ አድርጓል። የፎክስን ኦርጋን የሠራው ግን የሜሪላንዱ ኤም. ፒ. ሞለር ነው።

መልእክቱ የሚሄደው እንዲህ ነው። ቁልፉ ሲነካ ሽቦ ከሽቦ ይገናኛል። ከ12 እስከ 15 ቮልት የምትሆን ደካማ ኤሌክትሪክ ከቱቦው ሥር ወዳለች ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ትደርሳለች። ማግኔቷ የጥፍር ያህል ስፋት ያላትን ብረት ስትስብ ቀዳዳ ይከፈትና ከአንዲት ትንሽ የቆዳ ወናፍ ውስጥ አየር ያመልጣል። ወናፏ በዙሪያዋ ባለው የአየር ግፊት ትጨፈለቃለች፤ ስትጨፈለቅ የቱቦውን መዝጊያ ስባ ትከፍታለች፤ ቱቦው ይጮኻል። ግፊቱ የሚለካው ውኃን ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ እንደሚያደርግ በማየት ነው። በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን 75 ሚሊ ሜትር ገደማ የተለመደ ሲሆን፣ በሲኒማ ኦርጋን 250 እና ከዚያም በላይ ነው። ያ ጉልበተኛ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሆፕ-ጆንስ ሌላም ነገር አስፋፋ፤ አንድን የቱቦ ረድፍ፣ ማለትም ድምፀታቸው አንድ ዓይነት የሆነ ቱቦዎችን ስብስብ፣ በብዙ መንገድ ማጫወት። ለ61 ቁልፍ 61 ቱቦ ይበቃል። በረድፉ ላይ 12 ቱቦ በተጨመረ ቁጥር ግን ያው ረድፍ አንድ ኦክታቭ (የ12 ቁልፍ ርቀት) ከፍ ብሎም ሊጫወት ይችላል፦ 73፣ 85፣ 97። የፎክስ ኦርጋን 42 ረድፍ አለው። 3,622 ለ42 ሲካፈል ለአንድ ረድፍ 86 ገደማ ይደርሳል። የመሣሪያው አሠራር ከዚህ ቁጥር ብቻ ይነበባል፤ «ቁልፍ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ምንም አይነበብም።

የበለጠ ያስቆጣኝ ግን የዘገባው መዝጊያ ነው። «ኦርጋኑ ታድሶ ዛሬም ያገለግላል» ይልና ያበቃል። ማን አደሰው? መሣሪያው በ1950ዎቹ አጋማሽ ዝም ብሎ ነበር። በ1963 ሥራውን የጀመረው ጆ ፓተን ነው፤ አብረውትም በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ስለ ቲያትሩ ወርቅ ቅብና ስለ ጣሪያው ኮከቦች ሦስት አንቀጽ የጻፈ ሰው የእነዚህን ሰዎች ሥራ በአንዲት «ታድሶ» ውጦታል። የኦርጋን ጠጋኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚረሳው።

«ታድሶ» ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእነዚያ ትናንሽ ወናፎች ስስ የበግ ቆዳ እንደ ጥራቱና እንደ አየሩ ንጽሕና ከ30 እስከ 50 ዓመት ያገለግላል። ከዚያ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በየቱቦው ሥር ቢያንስ አንድ አለ እንበል፤ ከሦስት ሺህ በላይ ቁራጭ ቆዳ ማለት ነው። አሮጌው በእርጥበትና በሙቀት ተላቆ ይነሳል፣ እንጨቱ ይጸዳል፣ አዲሱ ይቆረጣል፣ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚፈላ ትኩስ ሙጫ ይለጠፋል። ነጩ የአናጢ ሙጫ ይቀላል፤ ነገር ግን እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚቀር ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣውን ጠጋኝ እንጨት ያስልጠዋል። ጥሩ ባለሙያ የሚሠራው ገና ላልተወለደው ጠጋኝ ጭምር ነው።

ብልሽት መፈለግም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። አንድ ድምፅ ጠፋ እንበል። ያው ቁልፍ በሌሎቹ ረድፎች ከሠራ ቁልፉ ደህና ነው። ቀጥሎ ያው ቱቦ በሌላ መንገድ ይጠራል፦ ረድፉን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ የሚያጫውተው «የ16 ጫማ» የሚባለው መምረጫ ወርዶ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ቁልፍ ይነካል። ቱቦው አሁን ከጮኸ ብልሽቱ ሽቦው ላይ ነው፤ ካልጮኸ ማግኔቱ ወይም ቆዳው ነው። ሳይነካ የሚጮኽ ቱቦ ደግሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከማግኔቷ ብረት ሥር የገባች ብናኝ ናት። ቅኝቱም በአዳራሹ ሙቀት ይወሰናል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር እንደ ዋሽንት የሚሠሩት ቱቦዎች የግማሽ ድምፅ 3 በመቶ ያህል ከፍ ይላሉ፤ በሚርገበገብ ስስ ምላስ የሚጮኹት ግን አብረዋቸው እኩል አይሄዱም። በስድስት ዲግሪ ልዩነት ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ የሚቀኘው ሕዝብ በሚገባበት ሰዓት ሙቀት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦርጋኑ «ለድምፅ አልባ ፊልም ማጀቢያ» መተከሉን ጽፋችኋል። ፎክስ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1929 ነው፤ ባለ ድምፅ ፊልም አሜሪካን ካጥለቀለቀ በኋላ። ያኔ የኦርጋኑ ሥራ ተመልካችን ማዘመርና በትርኢት መሐል መጫወት ነበር።

ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «42 ረድፍ፣ 3,622 ቱቦ፣ አራት ኪቦርድ፣ ሠሪው ሞለር፣ ከ1963 ጀምሮ ያደሱት ጆ ፓተንና በጎ ፈቃደኞች»። ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍም አስተካክሉት። «ኦርጋኑ» ያላችሁት ኪቦርዶቹ ያሉበት መጫወቻው ብቻ ነው። ኦርጋኑ ከመድረኩ ግራና ቀኝ፣ ከጌጡ ፍርግርግ ጀርባ ባሉት ክፍሎች ውስጥ ነው ያለው፤ በፎቷችሁ ላይ አንድም ቱቦ አይታይም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የኦርጋን ጠጋኝ