150 የሚለው ቁጥር እና ከፎቶግራፉ የተቆረጠው ክንድ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በልብ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ስለሚሠሩ ሐኪሞችና ስለ ጨረራ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን በደስታ ነበር፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ጋዜጣ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ሁለተኛውን ግን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነው ያነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ለጨረራ ሠራተኛ የዓይን ሌንስ የሚፈቀደው መጠን በዓመት 150 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚወስደው ጨረራ የሚለካበት አሃድ) መሆኑን፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አሳሳቢ አለመሆኑን ጽፋችኋል።

ይህ ቁጥር እኮ ከሥራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው! ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን በዚያ ዓመት ሴኡል ላይ ባወጣው መግለጫ፣ ገደቡ የአምስት ዓመት አማካይ ተወስዶ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት እንዲሆን፣ በየትኛውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 እንዳያልፍ መከረ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም በደኅንነት መስፈርቱ ውስጥ አስገባው። አሮጌውን ቁጥር ከሕጋቸው ያላወጡ አገሮች እንዳሉ አውቃለሁ። እሱን ብትጽፉ ራሱ ትልቅ ዜና በሆነ ነበር። እናንተ ግን ሳይንሱ ዛሬም እዚያው የቆመ አስመሰላችሁት። ጋዜጣ የምንገዛው አዲስ ነገር ለማወቅ ነበር፤ የተቀበረ ቁጥር ቆፍራችሁ አወጣችሁልን።

ለምን እንዲህ እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። በልብ ካቴተር ክፍል፣ ማለትም በራጅ እየታየ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባበት ክፍል፣ 19 ዓመት የሠራሁ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ራጅ የሚያመነጨው ቱቦ ከጠረጴዛው በታች ሆኖ ሲያበራ ጨረራው ከታካሚው አካል ላይ እየነጠረ ወደ ቆምንበት ይበተናል። ደረታችንን የእርሳስ መከላከያ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ፊታችን ግን ባዶ ነው። በምሠራበት ክፍል የእርሳስ መስታወት ያላቸው መነጽሮች የተገዙት ለሐኪሞቹ ብቻ ነበር። ለነርሶቹና ለእኛም እንዲገዛ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ገደቡ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፤ «መጠናችሁ ከ150 ሚሊሲቨርት በታች ስለሆነ አያስፈልግም» ይላል። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣችሁን ስገልጥ ያው መልስ በትልልቅ ፊደል ታትሞ ጠበቀኝ።

ደግሞስ ከ150 በታች መሆኑን በምን አወቁት? የምንለብሰው አንድ የጨረራ መለኪያ ነበር፤ እሱም ከእርሳሱ ልብስ በታች፣ ደረታችን ላይ ነው። ስለ ደረት ይናገር ይሆናል፣ ስለ ዓይን ግን ምንም አይነግርም። በየወሩ ዜሮ ዜሮ እየተጻፈ መጣ። እኛም ፈረምን።

ዛሬ በግራ ዓይኔ ሌንስ ጀርባ ላይ ሞራ አለ። ሐኪሜን «ከጨረራው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሐቀኛ ሰው ነውና «አላውቅም» አለኝ። ልክ ነው። ሞራ በዕድሜ ይመጣል፣ በስኳር በሽታ ይመጣል፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያመጣዋል። የእኔ አንድ ዓይን ምንም አያረጋግጥም። በክፍሌ ያሉት የሰባቱ ባልደረቦቼ ዓይን ቢደመርም አያረጋግጥም። እንደ ራጅ ያለው አዮን ፈጣሪ ጨረራ በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲጠራቀም የሚያደርሰው ጉዳት ምልክት ትቶ አይሄድም፤ ሌላ ምክንያት ካመጣው በሽታ ጋር መልኩ አንድ ነው። የሚለየው በብዙ ሺህ ሰዎች መዝገብ ውስጥ፣ ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ሲቆጥሩት ብቻ ነው። ይህን ያህል ሠራተኛ ያለው አንድ ሆስፒታል የለም። አንዳንዱ ጥያቄ ለአንድ አገርም ይበዛል።

እናንተ ግን በዘገባችሁ መጨረሻ ላይ የአገሮችን የጋራ ጥናት «ገንዘብ የሚበላና የሚጓተት የስብሰባ ሥራ» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁታል። እስቲ 150 እንዴት 20 እንደሆነ ተመልከቱ። ቀድሞ ሞራ የሚያመጣው በብዙ ግሬይ የሚቆጠር ጨረራ ብቻ ነው ይባል ነበር (ግሬይም የጨረራ መለኪያ አሃድ ነው፤ በራጅ አንዱ ግሬይ 1,000 ሚሊሲቨርት ያህል ነው)። እንዲህ ያሉት ጥቂት ሰዎችን ለአጭር ጊዜ ስለተከታተሉ ነው፤ ጨረራው ሲያንስ ሞራው የሚዘገይ መሆኑን ቆይተው ነው የተረዱት። በሂሮሺማና በናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ዓይን ከአሥርት ዓመታት በኋላም ተመረመረ። የዩክሬንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጋራ ሆነው ከኑክሌር አደጋው በኋላ ቼርኖቤልን ያጸዱ 8,607 ሠራተኞችን ዓይን አዩ። በአሜሪካ ደግሞ 35,705 ሰዎች ለ20 ዓመት ገደማ ክትትል ተደረገባቸው። እነዚህ ኋለኞቹ እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? የራጅ ባለሙያዎች ናቸው! ኮሚሽኑ እንዲህ ያለውን ማስረጃ አይቶ ነው ሞራ ሊጀምር ይችላል የሚባለውን መጠን ወደ 0.5 ግሬይ ያወረደው።

በዘገባችሁ ውስጥ ግን «የራጅ ባለሙያ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። «ነርስ» የሚልም የለም። ከላይ ያተማችሁትን ፎቶግራፍ አንባቢ ሁሉ አይቶታል፤ ሐኪሙ መነጽር አድርገው፣ ከጣሪያ የወረደው መከላከያ መስታወት ፊት ቆመዋል። በቀኝ ጠርዝ በኩል አንድ ክንድ ብቻ ይታያል፣ መርፌ የያዘ። ባለቤቱን ቆርጣችሁታል። ያ ሰው መነጽር ያድርግ አያድርግ አንባቢ አያውቅም። እኔ ግን ያን ቦታ ስለማውቀው እገምታለሁ።

በአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው አስተባባሪነት በልብ ካቴተር ክፍሎች የተካሄደው የሌንስ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2010 አንዱን ውጤቱን አሳትሟል። ከሐኪሞቹ 38 በመቶው፣ ከነርሶቹና ከቴክኒሻኖቹ 21 በመቶው በሌንሳቸው ጀርባ ላይ ከጨረራ ጋር የሚያያዝ ለውጥ ተገኝቶባቸዋል፤ በጨረራ ካልሠሩት መካከል 12 በመቶው። የተመረመሩት ጥቂት ስለሆኑ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ቢሆንም አጥኚዎቹ እኛንም ቆጥረውናል። እናንተ የመጀመሪያውን አኃዝ ብቻ ወስዳችሁ ሁለተኛውን ተዋችሁት።

የጋራ ጥናት ይጓተታል ላላችሁት፣ አዎ ይጓተታል። ይሳሳታልም። እ.ኤ.አ. በ2005 በትንሽ በትንሹ የሚጠራቀም ጨረራ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ የ15 አገሮችን ከ400,000 በላይ የኑክሌር ሠራተኞች መዝገብ ያጣመረ ጥናት ሲወጣ የካናዳው ውጤት ከሌሎቹ ጎልቶ ታየ። ሰዎች ጠየቁ፣ መዝገቡ ተመረመረ፣ የአንዳንድ ቀደምት ሠራተኞች የመጠን መረጃ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። ካናዳ ብቻዋን ብታጠና ጉድለቱ በምን ይታይ ነበር? ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ፣ ብሪታኒያና አሜሪካ የ308,297 ሠራተኞቻቸውን መዝገብ አንድ ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ውጤቱን ሲያወጡ ጥያቄው ይበልጥ ጠርቶ ነበር። ስብሰባ የምትሉት ይህንን ነው። የአንዱ አገር የጨረራ መለኪያ ከሌላው ጋር ይመሳከራል፣ ከልብስ በታች የተለካውና በላይ የተለካው ይለያያል፣ የሞት መዝገብ ከሥራ መዝገብ ጋር ይገናኛል። አሰልቺ ሥራ ነው። መነጽር የከለከለኝን ቁጥር የሻረው ግን እንዲህ ያለው ሥራ ነው።

የሚያሳዝነኝ ሌላም አለ። የእኔ የ19 ዓመት መዝገብ ለየትኛውም ጥናት አይጠቅምም። ዜሮ የተደረደረበት ወረቀት ለማን ይሰጣል? በዓይን አጠገብ የተለካ አንድም ቁጥር የለኝም። እንደ እኔ ያሉት ስንት እንደሆኑ፣ በየትኞቹ ክፍሎች ዛሬም መለኪያው ኪስ ውስጥ እንደሚቀር፣ አንድ ዘጋቢያችሁ ስልክ አንስቶ ቢጠይቅ ብዙ ያገኛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እርማቱን በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት፤ በውስጥ ገጽ ግርጌ እንዳትደብቁት። 20 የሚለውን ቁጥር ከነአምስት ዓመት አማካዩ ጻፉት። ነርሶችንና የራጅ ባለሙያዎችን በስማቸው ጥሩ። ፎቶግራፉንም ሳትቆርጡ መልሳችሁ አትሙት፤ ያ ክንድ የማን እንደሆነና ፊቱ ላይ ምን እንዳለ እንይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የራጅ ባለሙያ