ሱባኤ ለምትገቡ ወጣቶች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የፍልሰታ ጾም በገባ ቁጥር ብዙ ወጣቶች ራሳቸውን ፍለጋ ሱባኤ (ለጸሎት ገለል ብሎ መቆየት) ይይዛሉ፤ በ3ኛው ቀን አቋርጠው የሚወጡትም ጥቂት አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዝግጅት ማጣት ነው። የስግደቱን ቁጥር በራስ ከመወሰን ይልቅ አስቀድሞ ንስሐ አባትን ማማከር ይገባል፤ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ሐኪሙንም ይጠይቅ። ቡና የለመደ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ይቀንስ፣ አለዚያ ራስ ምታቱ አያስጸልየውም። መዝሙረ ዳዊቱን በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት ያዝላል፤ የሰኞ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፣ የማክሰኞ እስከ 60። ስልክ (ይህን ደጋግመን ብንል አይበዛም) እቤት ይቅር።

ከሁሉ የሚከፋው ራእይ መጠበቅ ነው። በ7 ቀን ሕልም ያላየ ሰው ጸሎቴ አልተሰማም ብሎ ያዝናል። ሱባኤ ግን መጀመሪያ የሚገልጠው የራስን ቁጣ፣ ስስትና መሰልቸት ነው፤ ያንን ማታ ማታ በማስታወሻ ይዞ ለንስሐ አባት መናገር ነው ዋናው ሥራ።