ቦገንቪሊያን ውኃ አታብዙበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ጎንደር፣ በበጋ በየአጥሩ ሥር ያለ ቦገንቪሊያ ማታ ማታ ውኃ ሲደፋበት ማየት ያንገበግባል። ውኃው ይባክናል፣ ተክሉም ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መሬት ላይ ተተክሎ ሁለት ክረምት ያለፈው ቦገንቪሊያ የሚያብበው ትንሽ ሲጠማ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቢጠወልግ አትደንግጡ፤ ሲበርድ ይነቃል። ጠዋትም እንደጠወለገ ካገኛችሁት፣ ያን ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሥሩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱና እንደገና እስኪጠወልግ ተዉት። በየቀኑ አንድ ጆግ ጠብ ማድረግ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

ውኃ ተቀንሶም ካላበበ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዩሪያ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠልና ረጃጅም እሾሃም ቀንበጥ ያበዛል እንጂ አበባ አይሰጥም፤ ሰኔ ላይ አንዴ የበሰበሰ ፍግ ይበቃዋል። ሌላው ጥላ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ከረጅም አጥር በስተሰሜን የተተከለው ዋናውን የማበቢያ ጊዜ በጥላ ያሳልፋል።

መግረዝ ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ይብሳል። አበባው የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። በየመንገዱ አካፋይ እንደሚታየው በየወሩ በመቀስ ክብ አድርጎ መላጨት እምቡጡን አብሮ መጣል ነው። ጠንከር ያለው መግረዝ አበባው ረግፎ ሲያልቅ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይሁን። መስከረም ላይ የቀንበጡን ጫፍ ጫፍ ብቻ ቀንጥሱ፤ ከጎን በሚወጡት ላይ ያብባል። (ባለቀለሙ ነገር ራሱ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ መሃል ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።)

ለማባዛት እርሳስ የሚያህል፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሆነ የጠነከረ ቁራጭ ውሰዱ። የታች ቅጠሉን አራግፉና ሁለት አንጓ እስኪቀበር ድረስ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ አፈር በሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ትከሉት። ሥር እስኪይዝ በጥላ ይቆይ። ወደ መሬት ስታዛውሩት ችግኙን ጎትታችሁ አታውጡ፤ ፕላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቁት። ሥሩ ቀጭን ስለሆነ አፈሩ ከፈረሰ ይበጠስና ችግኙ ይደርቃል። ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ጉድጓዱ የክረምቱን ዝናብ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሰዋልና አፈሩን ከጠጠር ጋር ቀላቅላችሁ ከፍ ባለ ቁልል ላይ ትከሉ። ራሱ ግድግዳ ላይ አይጣበቅም፤ እያደገ ሲሄድ በሲባጎ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ሽቦ ግንዱን ይቆርጠዋል።

አትክልተኛ፣ ከጎንደር