ዋንዛ የሚጠመው ሳይመለመል ሲቀር ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ደሴም ኮምቦልቻም አናጺ ቤት ገብቶ ስለ ዋንዛ የጠየቀ ሰው የሚሰማው ወቀሳ ይታወቃል፤ ግንዱ አጭር ነው፣ ጠማማ ነው፣ ረጅም ጣውላ አይወጣውም። በእንጨቱ ግን የሚያማርር የለም። ለመጋዝ አያስቸግርም፣ ሲለሰልስ ያምራል፣ ለበርም ለቁም ሳጥንም ለከበሮም ይመረጣል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ችግኙን ሐምሌ ላይ እንተክልና ዞር ብለን አናየውም።

ዋንዛ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም ገና በልጅነቱ ሁለትና ሦስት ቦታ ይከፈላል። ያኔ ቀጥ ያለውን አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ነው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ በበጋ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ገና ቀጭን ሳሉ ይመልመሉ። የላይኛው ግማሽ ግን አይነካ፤ በአንድ ጊዜ የተራቆተ ዛፍ እድገቱ ይገታል።

በመጥረቢያ ወይም በገጀራ መመልመል ቅርፊቱን ይልጠዋል፤ መጋዝ ይሻላል። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበት ሥፍራ አበጥ ያለ ቀለበት አለው፤ መጋዙ ከእሱ ጥቂት ወጣ ብሎ ይለፍ። ቀለበቱ ከተቆረጠ ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም። ጉቶ ከተተወ ደግሞ ይበሰብስና ብስባሹ ወደ ግንዱ ይዘልቃል፤ ጣውላ ሲላግ ተነቅሎ የሚወድቀው ጥቁር አንጓም ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ጉቶ የመጣ ነው። ወፍራም ቅርንጫፍ ከሆነ፣ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ በመጀመሪያ ከሥር ሩቡን መጋዝ፣ ቀጥሎ ከላይ፣ በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ማንሳት ነው። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ በክብደቱ ተገንጥሎ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይወርዳል።

ተከላው ቀላል ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ከዝናቡ በፊት ይቆፈር፤ የላይኛው አፈር ለብቻ ይቀመጥና ሲተከል እሱ ይቅደም። ፕላስቲኩ ተቀዶ ይውጣ፤ አለዚያ ሥሩ እዚያው ተጠምጥሞ ይቀራል። በማሳ መካከል ከዛፍ ዛፍ 10 ሜትር ይራቅ። የእሾህ አጥሩ ነገር ግን አይረሳ፤ አዝመራ ተሰብስቦ ከብት ሲለቀቅ ፍየል ጫፉን ትቀነጥበዋለች፤ ጫፉ የተበላ ችግኝ ደግሞ ከጎን ያቆጠቁጥና ያው ጠማማ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ገበሬው ዘንድ የቀረው ወሬ ግን «ዋንዛ አይቆረጥም» የሚለው ብቻ ነው፤ በገዛ ማሳው የተከለውም የሚወረስበት ይመስለዋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ችግኝ ሲያድሉ፣ ዛፉ ሲደርስ ለመቁረጥና ጣውላውን ገበያ ለማድረስ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያኔውኑ ቢያስረዱት ይበጃል።

አንድ የደን ባለሙያ
ከተሁለደሬ፣ ወሎ