ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፦ ስለ መዋጮው ጉዳይ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ከርማችኋል? የመንፈቅ ዓመቱ የውጤት ካርድ ዓርብ ይሰጣል፤ የ8ኛ ክፍል የቅዳሜ ማጠናከሪያም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን አባታቸው ለሞተባቸው ሁለት ተማሪዎቻችን ቤተሰብ በምንሰበስበው መዋጮ ምክንያት ነው።

ሰሞኑን ስልኬ አላረፈም። በር ላይ ያስቆማችሁኝም አላችሁ። «ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ቅሬ?» ያለኝ አባትም አለ፤ ቅሬ ማለት የወሎ ዕድር ነው። እንግዲያው ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

የሁለት ተማሪዎቻችን አባት በድንገት አረፈ። ስም አልጽፍም፤ ልጆቹ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። አባትየው ባጃጅ ነጂ ነበር። ባጃጇ የራሱ አልነበረችም፤ ለባለቤቷ በየቀኑ ገቢ እያደረገ ነበር የሚሠራባት። እሱ ሲሞት ለቤቱ የተረፈ ነገር የለም። ከቀብሩ ጥቂት ቀን በኋላ የልጆቹ አጎት ቢሮዬ መጣና የትልቋን መልቀቂያ ጠየቀኝ። ትንሹ እዚሁ ይማር፣ እሷ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ትዛወር አለ። ልጅቷ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። መልቀቂያውን መጻፍ አልቻልኩም። መዋጮው የተጀመረው ከዚያ ነው።

«ታዲያ ክፍያውን ለምን አታነሡላቸውም?» ትሉኛላችሁ። አንሥተናል። የሁለቱም ወርሃዊ ክፍያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቀርቷል፤ ይህን የወሰንነው ማንንም ብር ከመጠየቃችን በፊት ነው። ግን የእኛ ክፍያ ስለቀረ የቤት ኪራዩ አይቀርም። ሌማቱም አይሞላም።

«ቅሬው አለ አይደል?» ለሚለውም መልስ አለኝ። ቅሬው የሚገባውን አድርጓል። መቃብር ቆፍሯል፣ ድንኳን ተክሏል፣ ለቀስተኛውን አብልቷል። አካፋ ይዘው ከወረዱት መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግን የቅሬ ሥራ ከለቅሶው ጋር ያልቃል። የሟች ቤት ችግር የሚጀምረው ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንበሩና ሳህኑ ተቆጥሮ ከተመለሰ በኋላ ነው። እናትየዋ አሁን ኢዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት በእስልምና የምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ ነው፣ 4 ወር ከ10 ቀን። ሙስሊም ወላጆች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ገበያ ወጥታ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት። አሁን ቤት ተቀምጣለች። ገቢ በተቋረጠበት ሰዓት ካልደረስንላት መቼ ልንደርስላት ነው?

«ለምን ለእነሱ ብቻ?» ያላችሁኝም አላችሁ። አምና አባቱን ላጣ ሌላ ተማሪያችን እንዲህ አላደረግንም። እውነት ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ግን አምና ስላጠፋን ዘንድሮም እንድገመው?

«ገንዘቡስ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሞኛል። ቢሆንም መጠየቅ መብታችሁ ነው። እስካሁን የተሰበሰበውን የቆጠሩት የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ተወካዮች ናቸው። ደረሰኝ አለው። በእናትየዋ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ገብቷል፤ ማውጣት የምትችለውም እሷ ብቻ ናት። ድምሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። የሰጪ ስም የለበትም፣ ያልሰጠም ስም የለበትም።

«ኑሮ ተወዷል» ለምትሉኝ ምንም ክርክር የለኝም፤ እኔም የምኖረው በደመወዝ ነው። የሌለው አይስጥ። «በነፍስ ወከፍ 50 ብር» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ እኛ የቆረጥነው ቁጥር የለም። አንዲት እናት አንድ ጣሳ ሽሮ ይዛ መጥታለች። እሱም ደርሷል።

በአንድ ነገር ግን ጥፋተኞች ነን። አንድ ክፍል ውስጥ ብር ያላመጡ ልጆች ስም ተጠርቷል። ይህ መሆን አልነበረበትም። መምህሩን አነጋግሬያለሁ፤ ክፍሉ ድረስ ገብቼም ልጆቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዚህ የተቆጣችሁ ሁሉ ልክ ናችሁ። ነገር ግን የአንድ ክፍል ስሕተት ሙሉ ሥራውን ለማስቆም ምክንያት አይሁን፤ እባካችሁ።

በ2013 ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ በኩል በጦርነቱ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲያድር፣ ከየቤቱ እንጀራ በመሶብ ሲወጣ አይቻለሁ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ያወጣችሁ ናችሁ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥቅምት 2014 ላይ፣ ጦርነቱ ደሴ ገባና ተራው የእኛ ሆነ። ደብረ ብርሃን ድረስ የተሰደዳችሁ፣ በር የከፈተላችሁ ሰው ምን እንደጠየቃችሁ አስታውሱ። እኔ የማስታውሰው «በልታችኋል?» የሚለውን ነው። ለዚህ ነው «ቅሬ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?» ስባል መልስ ያጣሁት።

ከዛሬ ጀምሮ በክፍል ውስጥ ምንም ገንዘብ አይሰበሰብም። መስጠት የምትፈልጉ የሒሳብ ቁጥሩን ከጸሐፊዋ ወስዳችሁ በቀጥታ አስገቡ፤ በቴሌብርም ይቻላል። እህል የምታመጡ ለዘበኛው ስጡት፣ እሱ ያደርሳል። ጥያቄ ያለው ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ የተቆጣም ይምጣ፣ ሰነዱን አብረን እናያለን። ልጆቹን ግን ብር አስይዛችሁ አትላኩ። ቤት ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ስታወሩም ልጆቻችሁ እንደሚሰሙና ነገ ከእነዚያ ሁለት ልጆች ጋር እንደሚጫወቱ አስቡልኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ደሴ