ከጂኦግራፊ ክበብ፦ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል

አምና በዚህ መጽሔት ላይ የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ ስድስት መስመር ነበረች። በሚኒ ሚዲያና በቀይ መስቀል ክበብ መሃል ተሸጉጣ፣ ያውም ግማሿ የአባላት ስም። ዘንድሮ አዘጋጆቹን ለምኜ ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቻለሁ። የምናገረው ነገር አለኝ። የምጠይቀውም አለኝ፤ አልደብቅም።

የ2017 ዓ.ም. ዋና ሥራችን በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ነበር፤ ከሳተላይት ሲግናል ተቀብሎ ያለህበትን ቦታ በቁጥር የሚነግር መሣሪያ። ሁለት መሣሪያ አገኘን። አንዱን ከዚሁ ግቢ ተምሮ የወጣ፣ አሁን አሜሪካ የሚኖር ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ይዞልን መጣ። ጋርሚን ኢትሬክስ 10 ነው፤ ቢጫና ጥቁር፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ። ሁለተኛውን አባቱ ቀያሽ የሆነ ተማሪ አመጣ። ይሄኛው ጎማው ተላልጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽማግሌ ነው።

መምህራን ክፍል ስገባ በየጊዜው የሚቀርብልኝን ጥያቄ መጀመሪያ ልመልስ። «ስልክ እያለ ምን አደከማችሁ?» እውነቱ ይነገር፤ ስልክም ያለ ኔትወርክ ከሳተላይት ቦታውን ማወቅ ይችላል። ግን ግቢያችን ስልክ ይከለክላል፤ ከልጆቹም ግማሾቹ ስማርት ስልክ የላቸውም። ደግሞ ስልኩ ሰማያዊ ነጥብ አሳይቶ ይገላግልሃል። ይሄኛው ቁጥር አስገባ ይልሃል። ቁጥሩን የምታገኘው ከካርታ ላይ በማስመሪያ ለክተህ ነው። ክፍል ውስጥ ስናስተምር የሚያንቀላፉት ልጆች በአንዲት ቁጥር ሲጣሉ ያየ ሰው ያን ጥያቄ ደግሞ አይጠይቀኝም።

የመጀመሪያው ዓርብ አስቂኝ ነበር። ከአሜሪካ የመጣው መሣሪያ ሲከፈት ሳተላይት ፍለጋ ገባ። አሁንም እዚያው ያለ ይመስለዋል። ሳተላይቶቹ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው የሚዞሩት። ያለንበትን ለመናገር ቢያንስ የአራቱን ሲግናል መያዝ አለበት። የሁሉንም ሳተላይቶች የጉዞ ሰሌዳ ሙሉውን ለመቀበል ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ይህን አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። ማን ይሰማል! እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሜዳውን ዞሩት። የጥበቃው ጋሼ ከበሩ ሆነው «ኔትወርክ ነው የምትፈልጉት? ኑ፣ እዚህ በር ላይ ይሻላል!» አሉን። በመጨረሻ ከክፍል ዴስክ አውጥተን ሜዳው መሃል አቆምን። መሣሪያውን ላዩ ላይ አስቀመጥነውና ዙሪያውን ተቀመጥን። ዝም ብሎ ሰማይ የሚያይ መሣሪያ ቶሎ ይይዛል።

ከዚያ ሴቲንግ። ርቀቱ በማይል፣ ከፍታው በጫማ ነበር፤ ወደ ሜትር መለስነው። ሰዓቱን ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደ ፊት አደረግነው። መሣሪያው ዘጠኝ ሰዓት ሲል ልጆቹ ሦስት ሰዓት ነው ብለው ተከራከሩት፤ በዚህ ማንም አላሸነፈም። የባትሪውን ዓይነትም መንገር ያስፈልጋል፤ ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ከተው «አልካላይን» ካሉት ስንት እንደቀረው በትክክል አያሳይም። አሮጌው ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። ቦታውን ልክ ይናገራል፣ ቀኑን ግን እንደ ፈረንጆቹ 2005 ነው ይላል። ምክንያቱ ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው እስከ 1024 ድረስ ስለሆነ ነው። ቆጣሪው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2019 እንደገና ከዜሮ ሲጀምር አንዳንድ የድሮ መሣሪያዎች ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተመለሱ። አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ «የኛ ካላንደር በሰባት በስምንት ዓመት ነው የዘገየው፣ ይሄ ከኛም ብሷል» አለ። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልተቻለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መሣሪያ የሚገዛ ካለ ይጠቅመዋል። ኢትሬክስ 10 በውስጡ ኮምፓስ የለውም። ቀስቱ አቅጣጫ የሚያሳየው ስትራመድ ብቻ ነው። ቆመህ ብትጠይቀው የፈለገውን ይጠቁማል። ልጆቹ ይህን የተማሩት አጥር ከመቱ በኋላ ነው።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን ፍለጋ አዘጋጀሁ። በማለዳ ከሽሮ ሜዳ በላይ ወጥቼ፣ የእግር መንገዱ ወንዙን የሚያቋርጥበት ቦታ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ፖስታ ደበቅኩ። ውስጡ ካራሜላ ነው። የቦታውን ቁጥር ከድሮው የካርታ ሥራዎች ባለ 1፡50,000 ካርታ ላይ ለክቼ ለሁለት ቡድን ሰጠኋቸው። ቁጥሩን አስገቡ። ቀስቱን ተከተሉ። ሁለቱም ቡድኖች አንድ ግቢ አጥር ሥር ደርሰው «ደርሰናል» አሉ። እዚያ ያገኙት ፖስታ ሳይሆን ውሻ ነው። መሣሪያው ውስጥ እስካሁን «ውሻ 1» ተብሎ ተመዝግቧል። «ውሻ 2»ም አለ።

ፖስታው ካለበት ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ፣ ከ200 ሜትር በላይ ርቀው ነበር። ልጆቹ መሣሪያው ተበላሽቷል አሉ። እኔም ተበላሽቷል አልኩ። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ልክ እንዴት ይበላሻሉ ብዬ አለመጠየቄ አሁንም ያሳፍረኛል። ካራሜላውንም ሌሎች ልጆች በሉት።

የሚቀጥለው ዓርብ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ካርታው ላይ ተደፍታ ቆየችና «ቲቸር፣ አዲንዳን ምንድን ነው?» አለች። ካርታው ግርጌ፣ ከስኬሉ በታች፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ካርታ ንባብ ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ያቺን መስመር አንብቤያት አላውቅም።

አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ያለ የቅየሳ መነሻ ቦታ ነው። የድሮ ካርታዎቻችን ልኬት የተያያዘው ከእሱ ጋር ነው። ጂፒኤሱ ደግሞ ሳይነኩት ሲወጣ የሚሠራው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው የዓለም ልኬት ነው። መሬቱ አንድ ነው፤ ሁለቱ ግን ቁጥር መቁጠር የሚጀምሩት ከአንድ ቦታ አይደለም። በእኛ አካባቢ ልዩነቱ ወደ ሰሜን 206፣ ወደ ምሥራቅ 92 ሜትር ያህል ነው። በካርታችን ላይ ስትለካው አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ትሆናለች። እርሳስ ካልተቀረጸ ትጠፋለች። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የቦታ አጻጻፍ ከሚለው ሥር ዳተሙን፣ ማለትም የልኬቱን መነሻ፣ አዲንዳን ማድረግ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በሳምንቱ ያንኑ ፍለጋ ደገምነው። የመጀመሪያው ቡድን ፖስታውን ሲያገኝ የጮኸውን ጩኸት እታች ድረስ የሰማችሁት ይመስለኛል።

ሌላውን ባጭሩ። 22 ስብሰባ አድርገናል፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። የግድግዳ ጋዜጣ ሦስት ጊዜ አውጥተናል። በጥያቄና መልስ ውድድር ሁለተኛ ወጣን፤ አንደኛ የወጡትን እንኳን ደስ አላችሁ ብለናል። የግቢያችንን ካርታ በእርምጃና በጂፒኤስ ሠርተን ለርዕሰ መምህሩ አስረክበናል። ጥር ላይ የአሮጌው መሣሪያ ስክሪን ጠፋ። መርካቶ ወሰድኩት፤ «ይሄ እኮ ስልክ አይደለም» ብለው መለሱልኝ። የግንቦቱን ጉዞ ዝናብ በላው።

አሁን ወደ መጋቢት። ይህን ዘገባ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ አለችን። ድምፅዋን የማውቀው ስም ሲጠራ «አቤት» ስትል ብቻ ነበር። ሐሙስ በእረፍት ሰዓት መጣችና «ቲቸር፣ ቅዳሜ መሣሪያውን ልውሰደው?» አለችኝ። ለምን አልኳት። «የእናቴን መንገድ ልለካው።»

እናቷ እንጦጦ እየወጡ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ያወርዳሉ። ልጅቷ ሳትወለድ ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው። መሣሪያ ከግቢ አይወጣም የሚል ደንብ አለን፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። በሞዴል 22፣ በንብረት ማውጫው ቅጽ፣ በስሜ ፈርሜ አወጣሁት። ጥሩ ድንጋይ ከኪሴ ገዝቼ ጨመርኩበት። ዱካ የሚመዘግበውን ክፍል አብረን ከፈትነው። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እናቷ መሣሪያውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

በሳምንቱ ዓርብ ዱካውን ካርታው ላይ አሰፈርነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ገመድ ስለሌለን በእጅ ነው የሠራነው። አንዱ ከስክሪኑ ቁጥር ያነባል፣ አንዱ በማስመሪያ ይለካል፣ አንዱ ነጥብ ያደርጋል። 62 ነጥብ። ደርሶ መልሱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ሽቅቡ ከ400 ሜትር በላይ ነው፤ መሣሪያችን በከፍታ ላይ ያን ያህል አይታመንምና ይህን ቁጥር ላላ አድርጋችሁ ያዙት።

የመውጫው መስመር እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። የመመለሻው ግን ግራና ቀኝ ይዘላል። አንዱ ልጅ «እዚህ ጋ መሣሪያው አብዷል» አለ። እሷ ቀና ብላ «አላበደም። እዚህ ጋ ተሸክማለች» አለችው። ልክ ነበረች። መሣሪያው በሆዳቸው በኩል መቀነት ውስጥ ነው። ሸክሙ ሲጫን ጎንበስ ይላሉ። ሰውነታቸውና ሸክሙ ሰማዩን ከመሣሪያው ይጋርዱበታል። ሲግናሉ ይደክማል፤ መስመሩም ይዛባል።

በመመለሻው ላይ ነጥቦቹ ተጠጋግተው እንደ ቋጠሮ የሆኑባቸው ሰባት ቦታዎች አሉ። ሰው ሲቆም ዱካው እንደዚያ ይሆናል። ልጅቷ አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። «ይሄ ቧንቧው ነው። ይሄ የጓደኛዋ ደጅ ነው። ይሄ ድልድዩ።» አምስቱን ነገረችን። ከዚያ ጣቷ ቆመ። «እነዚህን ሁለቱን አላውቃቸውም» አለች። «እዚህ ጋ እንደምታርፍ ነግራኝ አታውቅም።»

ክፍሉ ዝም አለ። እኔ ዞሬ ጠመኔ ፈለግሁ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር።

እናቷ መሣሪያውን ሲመልሱ ለልጃቸው «ኪሎውንም ይናገራል እንዴ?» ብለዋት ነበር። አይናገርም እማማ።

ካርታው በእሳቸውና በልጅቷ ፈቃድ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። ካላያችሁት እዩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ልጆች ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚመጡበትን መንገድ መዝግበዋል፤ ዘጠኝ ልጆች ወረፋ ላይ ናቸው። ወረፋው የማይንቀሳቀሰው ደግሞ በስንፍና አይደለም።

34 አባላት ነን። የሚሠራ መሣሪያ አንድ አለን። የሁለት ሰዓት ጉዞ ለ34 ሲካፈል ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። በሦስት ደቂቃ ተኩል ሳተላይት ከተያዘ ጥሩ ነው። የመሣሪያው መመሪያ ሁለት ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ያሠራል ይላል፤ ከሱቅ የምንገዛው ርካሽ ድንጋይ ግን አንድ ዓርብ አያደርሰንም። ዓመቱን ሙሉ ክበቡ ከበጀት ያገኘው አንድ ደስታ ወረቀትና ሁለት ማርከር ነው። ሚኒ ሚዲያ አዲስ ስፒከር እንደተገዛለት ሰምተናል፤ ማለቴ፣ በየማለዳው እየሰማነው ነው። አንቀናም። ግን ስፒከሩ በተገዛበት ወር የእኛ ጥያቄ «ይታይ» ተብሎ ተመለሰ።

ለ2018 የምንፈልገው ብዙ አይደለም። ሁለት ተጨማሪ መሣሪያ፣ ያገለገለም ቢሆን። ቻርጅ የሚደረግ ስምንት ድንጋይ ከነቻርጀሩ። የኮምፒውተር ገመድ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ለመጎብኘት የትብብር ደብዳቤ፤ ዘንድሮ ጉልላታቸውን ከአጥር ውጭ ቆመን አይተን ተመልሰናል። ከወላጆች መሃል ቀያሽ፣ መሐንዲስ ወይም አስጎብኚ ካለ አንድ ዓርብ መጥቶ ቢያወራልን ደስ ይለናል።

ለጊዜው ጂኦግራፊ ዲፓርትመንት በር አጠገብ የብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠናል። የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው ዓይነት ድንጋይ የተረፈው ሰው እዚያ ይጣልልን። ያላለቀ ይሁን አደራ። ባለፈው ወር ከቆርቆሮው 16 ድንጋይ አወጣን፤ የሠራው ሁለት ነው። እሱም በቂ ነበር፤ ያን ዓርብ «ውሻ 3»ን መዝግበንበታል።